የገደል ማሚቶን ማስላት፦ የድምፅ ሞገድ መበተንና ፈጣን የስሌት ዘዴዎች
(በጥሊሊ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የማቀርበው ርእስ የድምፅ ሞገድ ቅርጻቸው የተወሳሰበ አካላት ሲያጋጥሙት እንዴት እንደሚበተን በፍጥነት ማስላትን ይመለከታል። ጉዳዩ ከሩቅ የመጣ ቢመስልም ምሳሌው ከደጃችን አለ። በዘንገና ሐይቅ አፋፍ ቆሞ የሚጣራ ሰው ድምፁ በውኃው፣ በገደሉና በዛፎቹ ላይ ይበተናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 170 ሜትር የራቀ ገደል ማሚቶውን ከ1 ሰከንድ በኋላ ይመልሳል። ይህን ማንም በቃሉ ያሰላዋል። በየትኛው አቅጣጫ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደሚመለስ መናገር ግን ሌላ ነገር ነው።

የአዊን ቀርቀሃ እንውሰድ። የ100 ሄርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ስለሆነ፣ 7 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር አንድ ቀርቀሃ እምብዛም አያግደውም። የ5,000 ሄርዝ ድምፅ ግን የሞገድ ርዝመቱ 6.8 ሴንቲ ሜትር ነውና በዚያው ቀርቀሃ ላይ በብርቱ ይበተናል። ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ቀርቀሃ የሚቀበለው ከምንጩ የመጣውን ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ሌሎቹ የበተኑትንም ይቀበላል። ስለዚህ የአንዱን መልስ ለብቻው ማግኘት አይቻልም፤ የሁሉም በአንድነት መፈታት አለበት።

የአንድ ድግግሞሽ ድምፅ የሚገዛበት እኩልታ በጀርመናዊው ሊቅ በሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ስም ይጠራል። አየሩን ሁሉ በነጥብ ከመሙላት ይልቅ ስሌቱን በአካላቱ ገጽ ላይ ብቻ መወሰን ይቻላል። ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው፤ ዋጋ ግን አለው። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ገጽ ወስደን በ1 ሜትር የሞገድ ርዝመት 10 ነጥብ ብንደረድር፣ 100 ሚሊዮን ያልታወቁ ቁጥሮች ይኖሩናል። እያንዳንዱ ነጥብ ከእያንዳንዱ ጋር ስለሚገናኝ ሠንጠረዡ 10 ሺህ ትሪሊዮን ቁጥሮችን ይይዛል። ለያንዳንዱ ቁጥር 16 ባይት ብንሰጥ 160 ሺህ ቴራባይት ማከማቻ ያስፈልጋል።

መውጫው የተገኘው በአስተሳሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ሌስሊ ግሪንጋርድና ቭላድሚር ሮክሊን ለስበትና ለኤሌክትሪክ ኃይል ስሌት አዲስ ዘዴ አሳተሙ፤ ሮክሊን በ1990 ሐሳቡን ወደ ሞገድ መበተን አሻገረው። ዘዴውን በምሳሌ ላስረዳ። በጥሊሊ ያሉ 1,000 አባወራዎች በእንጅባራ ላሉ 1,000 አባወራዎች እያንዳንዳቸው መልእክተኛ ቢልኩ አንድ ሚሊዮን ጉዞ ይሆናል። የጥሊሊዎቹ መልእክት በአንድ ቦታ ተጠቃሎ፣ በአንድ መልእክተኛ ተጉዞ፣ እንጅባራ ላይ ቢታደል ግን 2,001 ጉዞ ይበቃል። ለጎረቤት በቀጥታ ይነገራል፤ ለሩቅ በጥቅል ይላካል። ሞገድ ከፍታና ዝቅታ ስላለው፣ የነጥቦቹ ስብስብ ከሞገዱ ርዝመት አንጻር በሰፋ ቁጥር ጥቅሉም መርዘም አለበት። የዘዴው ብልሃት ያን ረጅም ጥቅል በርካሽ ማሻገሩ ላይ ነው። ሠንጠረዡ ከቶ አይጻፍም፤ መልሱም በተደጋጋሚ ዙር እየተሻሻለ ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ይህ ሙያ ግዙፍ ኮምፒዩተር ላላቸው ብቻ የተተወ እንደሆነ ተማሪዎቻችን ደጋግመው ሲናገሩ እሰማለሁ። አልስማማም። በቀድሞው ዘዴ የሥራው መጠን በነጥቦቹ ብዛት ካሬ ስለሚያድግ፣ 100 እጥፍ የፈጠነ ኮምፒዩተር የሚያስችለን 10 እጥፍ ነጥብ ብቻ ነው። በፈጣኑ ዘዴ ግን ያው ኮምፒዩተር ወደ 100 እጥፍ የሚጠጋ ነጥብ ያስኬዳል። ስለዚህ ገንዘብ ያላገኘነው እኛ ከማንም በላይ ጥሩ ሒሳብ ያስፈልገናል።

ሆኖም ፍጥነት እውነት አይደለም። የገጽ ስሌት በአንዳንድ ድግግሞሾች ላይ፣ እውነተኛው ችግር አንድ መልስ ብቻ እያለው፣ ብዙ መልስ ይሰጣል። በርተንና ሚለር እ.ኤ.አ. በ1971 መድኃኒቱን አሳይተዋል፤ ይህን የማያውቅ ፕሮግራም አዘጋጅ ግን ያማረ ሥዕል ያወጣል፤ ሥዕሉ ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ ማንኛውም ፕሮግራም አስቀድሞ በሉል ላይ ይፈተን፤ የሉል መልስ በብዕር ተሰልቶ የታወቀ ነውና። ከዚያም በሜዳ ልኬት ይመሳከር።

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከተማችንን ይሰነጥቃል። በመንገድ ዳር ላለ ትምህርት ቤት የድምፅ መከላከያ ግንብ ይሠራ ቢባል፣ ምን ያህል ይቁም፣ የት ይቁም የሚለው ሲሚንቶ ከመገዛቱ በፊት ሊሰላ ይችላል። ሕፃን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የመምህሩን ቃል መስማቱ ወይም አለመስማቱ የዚህ ስሌት ጉዳይ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ሒሳብ ልማር ስትል "ምን ይሠራልሻል?" አትበሏት። ተማሪዎችም ያላችሁን ተራ ኮምፒዩተር አትናቁ፤ ከሉል ጀምሩ።