ደቆቆ፦ ቶሎ የሚደርሰው አተር

በደቡብ ትግራይና በሰሜን ወሎ ገበያዎች ከተለመደው አተር አነስ፣ ጠቆር ያለ ፍሬ ይሸጣል። ደቆቆ ይባላል። ሽሮው እጅግ ይወደዳል፤ ዋጋውም ከሌላው አተር ይበልጣል። በዓለም ላይ የሚታወቀው በኢትዮጵያና በየመን ነው።

ሳይንቲስቶች ከተራው አተር ለይተው ያዩታል፤ ሁለቱ ሲዳቀሉ የሚገኘው ተክል ብዙ ጊዜ በከፊል መካን ይሆናልና። ደቆቆ ቶሎ ያብባል፣ ቶሎ ይደርሳል። ዝናቡ ቀድሞ በሚያቋርጥበት አካባቢ ይህ ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው።

የሚያሳስበኝ ግን በዘረመል እርስ በርሱ በጣም መመሳሰሉ ነው። አንዱን ተክል የጣለ በሽታ ጎረቤቱንም ለመጣል አይቸገርም። አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክ የአገር ዝርያዎችን ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በቅዝቃዜ ያቆያል። በማቀዝቀዣ ያለ ዘር ግን ከአዲስ ተባይና ከሚለዋወጥ ዝናብ ጋር አይላመድም፤ ያ የሚሆነው ገበሬው በየዓመቱ መርጦ ሲዘራው ነው።