የእንፋሎት ዓሣ አስጋሪ መርከቦች በሥራና በጦርነት
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ልንናገርበት የመረጥነው ነገር ከዚህ ከደጋው አገር እጅግ የራቀ ይመስላል። ይኸውም የብሪታንያ አሮጌ የእንፋሎት ዓሣ አስጋሪ መርከቦች ታሪክ ነው። አርእስቱን ለጥቂት ጓደኞቻችን በነገርናቸው ጊዜ ሣቁብን፤ «እኛንና የሰሜን ባሕርን ዓሣ ምን አገናኘን?» አሉን። ለጥያቄያቸው መልስ አለን፤ ነገር ግን ከምፅዋ በተነሣው የጣልያን ሰርጓጅ መርከብ ላይ እስክንደርስ ድረስ እንዲታገሡን እንለምናለን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ጥያቄ በመካከላችን እናኑር። አንድ አገር አንድን ሠራተኛ የሚያከብረው መቼ ነው? ጠመንጃ በያዘበት ቀን ብቻ ነውን? ወይስ በየዕለቱ ለእንጀራው በሚደክምበትም ጊዜ ነው? የነዚህን መርከቦች ታሪክ ያነበብነው ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

የብሪታንያ ዓሣ አስጋሪዎች ብዙ ዘመን የሠሩት በሸራ ነው፤ ነፋስ ሲነሣ ይሄዳሉ፣ ነፋስ ሲቆም ይቆማሉ። በ1877 ዊልያም ፐርዲ የተባለ የኖርዝ ሺልድስ ሰው መርከብ ለመጎተት የተሠራችውን ሜሴንጀር የተባለች የእንፋሎት ጀልባ መረብ አስጎተታት። ብዙዎች አፌዙበት፤ ሥራው ግን ትርፍ አስገኘ። በ1881 ዞዲያክ የተባለችው መርከብ በሃል ከተማ ከመሠረቷ ለዚሁ ሥራ ተብላ ተሠራች። ከዚያ በኋላ ሸራው በየወደቡ ለጢስ ቦታውን ለቀቀ።

መርከቦቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ትሮለር ይባላል። ይህ መርከብ እንደ ከረጢት ያለ ትልቅ መረብ በባሕሩ ወለል ላይ ይጎትታል፤ ሁለት ከባድ ሳንቃዎች የመረቡን አፍ በግራና በቀኝ ከፍተው ይይዙታል፤ መረቡንም በሽቦ ገመድ ስቦ የሚያወጣው በእንፋሎት የሚዞር ዊንች ነው። ሁለተኛው ድሪፍተር ይባላል። እሱ አይጎትትም፤ ማታ ማታ ሄሪንግ የተባለው ዓሣ ወደ ላይ በሚወጣበት ሰዓት ከሦስት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መረብ እንደ መጋረጃ ይዘረጋና ከውኃው ጋር ይንሳፈፋል። ሲነጋ የመረቡ ገመድ በእንፋሎት ይጠቀለላል።

ሥራው ምን ይመስል ነበር? በትሮለር ላይ መረቡ በየሦስትና በየአራት ሰዓቱ ይወጣል፤ ሌሊትና ቀን ልዩነት የለውም። ዓሣው በተከፈተው መርከብ ወለል ላይ ይፈስሳል፤ ሰዎቹም በብርድና በማዕበል ውስጥ ቆመው ሆዱን በቢላዋ ይቀዳሉ፣ ያጥባሉ፣ በበረዶ ውስጥ ይደረድራሉ። ይህን ሳይጨርሱ ሌላው መረብ ይወጣል። ከታች ደግሞ እሳት የሚያነደው ሰው መርከቧ ስትናወጥ አብሮ እየተናወጠ የድንጋይ ከሰል በአካፋ ወደ እቶኑ ይወረውራል። ካፒቴኑና ምክትሉ ደመወዝ አልነበራቸውም፤ የሚያገኙት ከትርፉ ድርሻ ነው። ስለዚህ የከሰሉና የበረዶው ዋጋ ከሽያጩ ላይ ተቀንሶ ምንም ካልተረፈ ሦስት ሳምንት ለፍተው ባዶ እጃቸውን፣ አንዳንድ ጊዜም ባለዕዳ ሆነው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

ከሁሉ የከፋው በቡድን የሚወጡት መርከቦች ኑሮ ነበር። እነዚህ ለብዙ ሳምንታት ከባሕር አይመለሱም። የያዙትን ዓሣ በሣጥን አድርገው በትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ ወደ አመላላሽ መርከብ ያሻግራሉ፤ አመላላሹም ወደ ለንደን ገበያ ያደርሳል። በዚያች ጀልባ ላይ በማዕበል መካከል ሣጥን ሲያሻግሩ ሰጥመው የቀሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው።

የሄሪንግ ሥራ ደግሞ ወንዶችን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። ከስኮትላንድ የሚነሡ ሴቶች ድሪፍተሮቹን ተከትለው በባቡር ከወደብ ወደ ወደብ ይጓዙ ነበር። ቢላዋውና ጨው እንዳያቆስላቸው ጣታቸውን በጨርቅ ጠምጥመው ዓሣውን እየቀደዱ፣ ጨው እየነሰነሱ፣ በበርሜል ይሞሉታል። በ1913 የመከር ወራት በያርማውዝ ወደብ ከ1000 የሚበልጡ ድሪፍተሮች ተሰበሰቡ። በጨው የታሸገው ሄሪንግ በብዛት የሚሸጠው ለጀርመንና ለሩሲያ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ከሁለቱ ደንበኞች አንዱ ጠላት ሆነ።

ጦርነት ግን ዓሣ አስጋሪዎቹን ከዚያ ቀደም ብሎ ጎብኝቷቸው ነበር። በኦክቶበር 1904 ከጃፓን ጋር ሊዋጋ የሚጓዘው የሩሲያ ባሕር ኃይል በሰሜን ባሕር፣ ዶገር ባንክ በሚባለው ስፍራ፣ በሌሊት የሃል ትሮለሮችን የጃፓን መርከቦች መስለውት ተኩስ ከፈተባቸው። ሰዎቹ ማንነታቸውን ለማስታወቅ ዓሣ ከፍ አድርገው አሳዩ ይባላል። ክሬን የተባለችው ትሮለር ሰጠመች፤ ሁለት ሰዎች ወዲያው ሞቱ። ሩሲያ በኋላ 66,000 ፓውንድ ካሣ ከፈለች። ልብ እንበል፤ የሞቱት ወታደሮች አልነበሩም፤ በሥራቸው ላይ ነበሩ።

ከዚህ ጥቂት ዓመታት በኋላ አድሚራል ሎርድ ቻርልስ ቤረስፎርድ አንድ አሳብ አቀረቡ። የባሕር ፈንጂ የሚጠረገው ሁለት መርከቦች በመካከላቸው የሽቦ ገመድ እየጎተቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ነው፤ ገመዱ የፈንጂውን ማሰሪያ ይይዝና ይቈርጠዋል። ይህን ሥራ ከሌላ ሰው ይልቅ ዕድሜውን ሙሉ ገመድና መረብ ሲጎትት የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ዊንቹም በመርከቡ ላይ አለ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ማለት ይህ ነው። በ1910 የትሮለር ሰዎች የተጠባባቂ ጦር ክፍል ተቋቋመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከ1000 የሚበልጡ ትሮለሮች፣ ከ1000 የሚበልጡም ድሪፍተሮች ለባሕር ኃይሉ ተሰለፉ፤ በመቶ የሚቈጠሩትም ጠፉ።

ድሪፍተሮቹ መረባቸውን ለሰርጓጅ መርከብ እንዲዘረጉ ታዘዙ። በኢጣልያና በአልባንያ መካከል ባለው በኦትራንቶ መተላለፊያ ዓሣ ሲይዙበት እንደ ነበረው ያለ መጋረጃ ዘረጉ፤ የዚህ መረብ ክር ግን ሽቦ ነበረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚያ ግን ባሕሩ ሰፊና ጥልቅ ስለ ነበረ የተያዘው ሰርጓጅ እጅግ ጥቂት ነበረ። በሜይ 15 ቀን 1917 ሦስት የኦስትሪያ ሀንጋሪ የጦር መርከቦች በሌሊት መጡባቸው። ከ47ቱ ድሪፍተሮች 14ቱ ሰጠሙ፤ 72 ሰዎች ተማረኩ። ጠላት መርከባቸውን ለቀው እንዲወርዱ ሲያዝዛቸው ብዙዎቹ ወረዱ፤ በአንዲት ትንሽ መድፍ ምን ማድረግ ይቻላል? ጎዋንሊ የተባለችው ድሪፍተር ካፒቴን ጆሴፍ ዋት ግን መርከቡን በሙሉ ኃይል ወደ ፊት እንድትሄድ አዝዞ ተኰሰ፤ መድፉ እስኪበላሽም ድረስ ተዋጋ። መርከቧ ብትቈስልም አልሰጠመችም፤ ከዚያም የሌሎቹን ቍስለኞች ስትሰበስብ ዋለች። ዋት የቪክቶሪያ ክሮስ ኒሻን ተሸለመ፤ ወደ ዓሣ ማስገሩም ተመለሰ። ስለዚያች ሌሊት ማውራት አይወድም ነበር። የሞተው በ1955 ነው።

ከ1918 በኋላ አንድ ያልታሰበ ነገር ታየ። ለአራት ዓመታት ያህል የተጎተተበት መረብ ስላነሰ የሰሜን ባሕር ዓሣ በዝቶና ወፍሮ ተገኘ። የሳይንስ ሰዎችም ከጦርነቱ በፊት ባሕሩ ከሚችለው በላይ ይታጨድ እንደ ነበረ ከዚህ ተረዱ። እረፍቱ ለዓሣው እንጂ ለሰዎቹ አልነበረም፤ ጦርነቱ ካለቀም በኋላ ከመረብ ጋር የሚወጣ ፈንጂ ሰው ይገድል ነበርና።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓሣ አስጋሪዎቹ እንደ ገና ተጠሩ። ዋና ጣቢያቸው በሎውስቶፍት ከተማ ነበር። መደበኛው ባሕረኛ «የሃሪ ቴት ባሕር ኃይል» እያለ ይቀልድባቸው ነበር፤ ሃሪ ቴት በመድረክ ላይ በሚበላሽ አውቶሞቢል ሰው የሚያስቅ ተጫዋች ነበረ። ነገር ግን በኤፕሪል መጨረሻ 1940 በኖርዌይ፣ በናምሶስ ወደብ፣ የእጅ ቦምብ የተከማቸበት የመርከብ ማረፊያ በእሳት ሲያያዝ አረብ የተባለችው ትሮለር አዛዥ ሪቻርድ ስታናርድ አፍንጫዋን ከሚነደው ማረፊያ ጋር አስጠግቶ ያዘ። ከሁለት ሰዎች በቀር ሠራተኞቹን ወደ ኋላ ልኮ ሁለት ሰዓት ሙሉ እሳቱን በውኃ ሲዋጋ ቆየ። አረብ በአምስት ቀን ውስጥ 31 ጊዜ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ተርፋም ወጣች። እሱም ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ።

አሁን ለጓደኞቻችን ወደ ገባንላቸው ቃል እንምጣ። ጣልያን በጁን 10 ቀን 1940 ወደ ጦርነቱ ሲገባ አገራችን በእጁ ነበረች፤ በምፅዋ ወደብም ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሩት። አንደኛው ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ይባላል። ጁን 16 ቀን አንዲት የኖርዌይ ነዳጅ ጫኝ መርከብ አሰጠመ። በጁን 19 ቀን፣ ማለትም በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 12 ቀን 1932 ዓ.ም.፣ ሙንስቶን የተባለች ትሮለር በኤደን አቅራቢያ አገኘችው። ሙንስቶን በ1934 የተሠራች ዓሣ አስጋሪ ስትሆን ባሕር ኃይሉ የገዛት በ1939 ነው። አዛዥዋ ሙርማን የተባለ ከተራ ባሕረኛነት ተነሥቶ ያደገ ሰው ነበረ።

ሰርጓጁ በክብደት ይበልጣታል፤ ሁለት መድፎችና ቶርፔዶዎች ነበሩት፤ እሷ አንድ መድፍና ጥቂት መትረየሶች ብቻ ነበሯት። በውኃ ውስጥ የሚፈነዱ ቦምቦች ስትጥልበት ሰርጓጁ ወደ ላይ ወጣ። በሆዱም ውስጥ ከአየር ማቀዝቀዣው የፈሰሰ መርዛም ጋዝ ሰዎቹን አድክሟቸው ነበር። ሙንስቶን ከመሸሽ ይልቅ ቀረበችው፤ የመድፏ ጥይት የአዛዡን ማማ መታ፤ የጣልያኑ አዛዥ ከመኰንኖቹ ከብዙዎቹ ጋር ወደቀ፤ የቀሩትም እጃቸውን ሰጡ። ካንዳሃር የተባለችው የጦር መርከብ ደርሳ ሰርጓጁን ወደ ኤደን ወሰደችው፤ በውስጡ የተገኙትም ሰነዶች ሌሎቹን ለማደን ረዱ። ጁን ሳያልቅ ከስምንቱ አራቱ ጠፉ። ከአራቱ አንዱ በከተማችን በመቐለ ስም የተጠራ ነበር፤ እሱ ግን የጠፋው ከአራት ቀን በፊት ከአንዲት ደሴት ዳር ተጋጭቶ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ አገር ስደታቸው ወደ ሱዳን ጉዞ የጀመሩት ከዚህ ጥቂት ቀናት በኋላ ነው። አንዲት ዓሣ አስጋሪ ነፃ አወጣችን አንልም፤ ነፃነቱ በአርበኞቻችን ደም የተገኘ ነው። ነገር ግን ቀይ ባሕር ለጠላት ሰርጓጆች መፈንጫ እንዳይሆን ካደረጉት እጆች መካከል የዓሣ ሽታ የማይለቃቸው መርከቦች እንደ ነበሩ ማወቅ መልካም ነው።

በሎውስቶፍት በ1953 የተመረቀ አንድ የመታሰቢያ ዓምድ አለ። መቃብራቸው ባሕር የሆነ የ2385 ሰዎች ስም ተጽፎበታል። ይህ ተገቢ ክብር ነው። ነገር ግን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

በጃንዋሪ 26 ቀን 1955 ሎሬላና ሮደሪጎ የተባሉ ሁለት የሃል የእንፋሎት ትሮለሮች ከአይስላንድ በስተ ሰሜን በአውሎ ነፋስ ተያዙ። የሚረጨው ውኃ በገመዳቸውና በምሰሷቸው ላይ እየረጋ ከበዳቸው፤ ሰዎቹ በረዶውን በመጥረቢያ ቢፈልጡም ሊቀድሙት አልቻሉም። መርከቦቹ ተገለበጡ፤ 40 ሰዎች አለቁ። የተኰሰባቸው ጠላት አልነበረም። በ1968 ደግሞ በሦስት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ሦስት የሃል ትሮለሮች ጠፍተው 58 ሰዎች ሞቱ። በዚህ ጊዜ የባሕረኞቹ ሚስቶችና እናቶች ሊሊያን ቢሎካ በተባለች ሴት መሪነት ተነሡ፤ ያለ ሬዲዮ ሠራተኛ መርከብ ከወደብ አይውጣ ብለው እስከ ለንደን ሄደው ሚኒስትሮችን ተሟገቱ፤ ጥያቄያቸውም ተሰማ። በጦርነት ጊዜ ለነዚህ ሰዎች መድፍ ሲሰጣቸው አንድም ሰው ስለ ዋጋው አልተከራከረም። በሰላም ጊዜ ግን አንድ የሬዲዮ ሠራተኛ ለማግኘት ሴቶች መጮህ ነበረባቸው።

ዛሬ የእንፋሎቱ ዘመን አልፏል። ብዙዎቹ መርከቦች ለብረታቸው ተሰባብረዋል። ከድሪፍተሮቹ በ1930 የተሠራችው ሊዲያ ኢቫ በያርማውዝና በሎውስቶፍት አካባቢ ተጠብቃ ትገኛለች። በ1906 የተሠራችው ቫዮላ የተባለች የሃል ትሮለር ደግሞ ከቡድኖቹ ጋር ዓሣ አጥምዳ፣ በመጀመሪያው ጦርነት ሰርጓጅ አድና፣ ከዚያም ለዓሣ ነባሪና ለባሕር ዝሆን አደን ተሸጣ፣ ዛሬ በደቡብ ጆርጂያ ደሴት በግሪትቪክን ዳርቻ ላይ ዝጋ ቆማለች፤ የእንፋሎት ሞተሯ ግን አሁንም በሆድዋ ውስጥ ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ ዋት በኦትራንቶ የነበረው ሰውና ከዚያ በፊት ሄሪንግ ሲያወጣ የነበረው ሰው አንድ ናቸው። በጦርነት ያገለገለው ጥበብ በሥራ የተገኘ ጥበብ ነው። ስለዚህ ክብሩን ለሁለት መክፈል፣ ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን መንሣት ፍርድ አይደለም። ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ በየመንገዱ የምናገኘውን ሠራተኛ በዚህ ዓይን እንድናየው፣ ለሥራውም አደጋ በሰላሙ ጊዜ እንድናስብለት እንለምናለን።