የተዳፋት ከርሰ ምድር ውኃና የበጋው ምንጭ በሒሳብ ሚዛን



ዝናብ ካባራ በኋላ ከኰረብታ ግርጌ የሚፈልቅ ምንጭ ለወራት የሚፈሰው፣ ክረምቱን በአፈሩና በተሰነጣጠቀው አለት የተጠራቀመው ውኃ በተዳፋቱ ውስጥ ቀስ በቀስ ስለሚንጠፈጠፍ ነው። ለመንደር ውኃ የሚያወጣ መሐንዲስ ሊያውቅ የሚገባው ምንጩ በጥቅምት የሚሰጠውን ብቻ ሳይሆን በሚያዝያ የሚተርፈውን ነው።

ለዚህ ስሌት መሠረቱን የጣለው ፈረንሳዊው አንሪ ዳርሲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው የአሸዋ ሙከራ፣ የሚሰርገው ውኃ መጠን ከውኃው ከፍታ ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን አሳየ። ጆሴፍ ቡሲኔስክ ይህን ሕግ ከውኃ ሚዛን ጋር አጣምሮ በ1877 ቀመሩን አቀረበ፤ በ1904ም ወለሉ አግድም ለሆነ ውኃ አዘል ንብርብር መፍትሔ ሰጠው። ኤድሞን ማዬ ደግሞ በ1905 ባሳተመው ሥራ፣ ፍሰቱ በእኩል ጊዜ ውስጥ ምንጊዜም በእኩል እጅ የሚቀንስበትን ቀላል ሕግ ተጠቀመ።

የሁለቱ ሕጎች ልዩነት በሰው ቍጥር ይታያል። በጥቅምት መባቻ በሴኮንድ 2 ሊትር የሚሰጥ ምንጭ በታኅሣሥ መባቻ ወደ 1 ሊትር ወረደ ይባል። በሚያዝያ መባቻ በማዬ ሕግ 0.25 ሊትር፣ በቡሲኔስክ ሕግ ግን 0.40 ሊትር ያህል ይቀራል። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ የመጀመሪያው ለ1,080 ሰው፣ ሁለተኛው ለ1,700 ሰው ያህል ይበቃል። በመጀመሪያው ስልሳ ቀን ተስማምተው የታዩት ሁለት ስሌቶች በበጋው መጨረሻ ከስድስት መቶ ሰው በላይ ያለያያሉ። ስሌቱ ከልክ በላይ ተስፋ ከሰጠ በባዶ እንስራ የሚመለሰው ይህ ሕዝብ ነው።

ተዳፋት ሲሆን ነገሩ ይወሳሰባል። ወለሉ ባዘነበለ መጠን የስበት ድርሻ ይጨምራል። የኰረብታው ቅርጽም ይወስናል፤ ወደ ግርጌው እየጠበበ የሚሄድ ተዳፋት እየሰፋ ከሚሄደው ይልቅ ውኃውን በዝግታ ይለቃል። ትሮክ፣ ፓኒኮኒና ቫን ሎን በ2003 የተዳፋቱን ስፋት በቡሲኔስክ ቀመር ውስጥ ያስገቡት ስለዚህ ነው።

ከሕጎቹ የትኛው እንደሚስማማ የሚመሰክረው ምንጩ ራሱ ነው። ብሩትሳርትና ኒበር በ1977 ባቀረቡት ዘዴ፣ የፍሰቱ የመቀነስ ፍጥነት ከፍሰቱ መጠን ጋር በሎጋሪዝም ሚዛን ይነጻጸራል። የመስመሩ ዘንበልታ 1 ከሆነ የማዬ፣ 1.5 ከሆነ የቡሲኔስክ ሕግ ይቀርበዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የፍሰት መዝገብ ነው፤ መዝገቡም በተለይ ፍሰቱ በሚያንስባቸው ወራት ሳይቋረጥ መያዝ አለበት። ያለዚህ ልኬት ቀመሩ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ግምት ከመሆን አያልፍም።