ነጻ ነው፤ ዋጋው ግን ተከፍሏል

የዛሬው ንባባችን 2ኛ ሳሙኤል 24 ከቁጥር 18 እስከ 25 ነው።

በሕዝቡ ላይ መቅሠፍት ወርዶ ሳለ ንጉሥ ዳዊት መሠዊያ ሊሠራ ወደ ኢያቡሳዊው ኦርና አውድማ ወጣ። ኦርና ደግ ሰው ነበር። አውድማውንም በሬዎቹንም፣ ለማገዶ የሚሆነውን እንጨት ሳይቀር በነጻ ልስጥህ አለው። ዳዊት ግን እሺ አላለም። ምንም ያላወጣበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ማቅረብ አልፈለገም፤ 50 ሰቅል ብር ከፍሎ ገዛ።

ይህን ቃል ይዘን እስቲ አንድ ዘማሪ እናስታውስ። ኪት ግሪን ይባላል፤ አሜሪካዊ ነው። ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ እየደረሰ በፒያኖ ይዘምር ነበር። ገና በ11 ዓመቱ ከትልቅ የሸክላ ኩባንያ ጋር ተፈራርሞ ነበር፤ ዝናው ግን አልመጣለትም። በሃያዎቹ ዕድሜው ጌታን ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 ያወጣቸው ሁለት የመዝሙር አልበሞች በአማኞች ዘንድ እጅግ ተወደዱ።

ታዲያ በዚህ ጊዜ ሰው ምን ያደርጋል? ዋጋውን ከፍ ያደርጋል አይደል? ኪት ግን ለኮንሰርቱም ለአልበሙም ዋጋ መተመን አቆመ። አሳታሚዎቹን ከውሉ እንዲለቁት ጠየቀ፤ ለቀቁት። እሱና ባለቤቱ ሜሎዲ ቤታቸውን አስይዘው ተበደሩና ሦስተኛውን አልበም በራሳቸው ገንዘብ ሠሩት። በአንዱ መዝሙር ላይ ስመ ጥሩው የፎክ ዘፋኝ ቦብ ዲላን ሃርሞኒካ ተጫውቷል።

አልበሙ በ1980 ወጣ። የቻለ የቻለውን ይሰጣል፤ ያልቻለ በነጻ ይወስዳል። እስከ ሜይ 1982 ድረስ ከ200,000 በላይ ተልኮ፣ 61,000ው የሄደው ያለ ክፍያ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ 28 ቀን ኪት የተሳፈረበት ትንሽ አውሮፕላን ቴክሳስ ውስጥ ወደቀ። ከሁለት ልጆቹ ጋር ወደ ጌታ ሄደ። ዕድሜው 28 ነበር።

የዚያ አልበም ርእስ፣ እንግዲያው ወደ ግብፅ መመለስ ፈለጋችሁ? እንደ ማለት ነው። ነገሩ ከዘኁልቁ 11 የመጣ ነው። እስራኤል መና ሰለቻቸውና በግብፅ በነጻ የበሉት ዓሣ ናፈቃቸው። በነጻ! ጀርባቸው በጅራፍ ሲገረፍ የነበረውን ረሱት እኮ! የግብፅ ዓሣ ዋጋው ባርነት ነበር።

ወገኖቼ፣ አልበሙን የሚሸጥ ዘማሪ ሁሉ በደለ ማለቴ አይደለም። ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ያው መጽሐፍ ቅዱሳችን ያስተምረናል። ይልቅስ እኛ እንመርመር። የዘማሪውን መዝሙር ከስልክ ወደ ስልክ እየላክን በነጻ አገኘሁት እንላለን። ለስቱዲዮ የከፈለ፣ ለአቀናባሪ የከፈለ፣ ከልጆቹ ጉርሻ ቀንሶ ያስቀረጸ ሰው አለ። ነጻ የሆነው ለእኛ ነው እንጂ ለእሱ አይደለም።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ፣ ለእግዚአብሔር ያቀረብከው፣ ያቀረብሽው ነገር ምን አስወጣ? ከሥራና ከወሬ የተረፈውን ሰዓት ነው? ኪስ ውስጥ የተገኘውን ዝርዝር ነው? ኪት ቤቱን አስያዘ። ዳዊት ብሩን መዘነ። እኛስ?

ግን አደራ፣ በዚህ መዳንን እንገዛለን ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ኢሳይያስ 55 ላይ ጌታ ገንዘብ የሌለውን ሰው ኑና ውሰዱ ብሎ ይጠራል። መዳን በነጻ ነው። ግን ነጻ ስለሆነ ርካሽ አይደለም፤ የእግዚአብሔር ልጅ በመስቀል ላይ በደሙ ከፍሎበታል። እኛ የምንሰጠው ለመዳን አይደለም፤ ስለዳንን ነው። የተከፈለለት ሰው እጁ ይፈታል።

ዛሬ ይህን ስጦታ ገና ያልተቀበላችሁ ካላችሁ፣ አትዘግዩ። ባላችሁበት ሆናችሁ አብረን እንጸልይ፦

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ዕዳዬን ስለከፈልክልኝ አመሰግንሃለሁ። ኃጢአቴን ይቅር በለኝ፤ ወደ ልቤ ግባ። ከዛሬ ጀምሮ ትርፍራፊዬን ሳይሆን ራሴን ላቅርብልህ። አሜን።