የፎረንሲክ ነርስ አገልግሎት በምን ይመዘን?



ተገድዶ የተደፈረ ሰው፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ሐኪም ቤት ሲደርስ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው ሕክምና የሚሻ ጉዳት፣ ሁለተኛው ለፍርድ የሚፈለግ ማስረጃ ነው። ሁለቱን አጣምሮ የሚይዘው የነርሶች አገልግሎት በአሜሪካ አገር በሜምፊስ እ.ኤ.አ. በ1976፣ በሚኒያፖሊስ በ1977፣ በአማሪሎም በ1979 ተጀመረ። ከዚያ አስቀድሞ ተጎጂዋ ማስረጃው እንዳይጠፋ ሳትበላ፣ ሳትጠጣና ሳትታጠብ በድንገተኛ ክፍል ብዙ ሰዓት መጠበቅ ነበረባት፤ የሚመረምራትም ሐኪም ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ የሠለጠነ አልነበረም።

አገልግሎቱ ለውጥ ማምጣቱ እንዴት ይታወቃል? በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት 515 የማስረጃ ሣጥኖችን አነጻጽሮ፣ በሠለጠኑ ነርሶች የተሰበሰቡት በአስተሻሸጋቸውና በርክክብ መዝገባቸው የተሻሉ መሆናቸውን አሳየ። ሬቤካ ካምቤልና ባልደረቦቿ በ2005 ያወጡት የጥናቶች ግምገማ ደግሞ አገልግሎቱን በአምስት ወገን መረመረ፤ በመንፈስ ማገገም፣ በሕክምና፣ በማስረጃ፣ በክስና በማኅበረሰብ ለውጥ። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ጥናቶች በቂ ማነጻጸሪያ እንደሌላቸው አሳሰቡ።

እነሆ ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ላይ ነው። ለመቁጠር የሚቀለው የተፈረደባቸው ሰዎች ብዛት ነው፤ ነገር ግን ፍርድ በፖሊስ፣ በዐቃቤ ሕግና በዳኛ ሥራም ይወሰናል። ብዙ ተጎጂዎች በአካላቸው ላይ የሚታይ ቁስል የላቸውም፤ የቁስል አለመታየትም ጥቃት አለመፈጸሙን አያረጋግጥም። ነርሷ በፍርድ ብዛት ብቻ ከተመዘነች፣ ያመነታችውን ሴት ወደ ክስ ለመግፋት፣ ያላየችውንም ለመጻፍ ትፈተናለች።

ስለዚህ መዛኙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ተወስዷልን? የእርግዝና መከላከያ እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ቀርቦላታልን? በየምርመራው ደረጃ ፈቃዷ ተጠይቋልን? እምቢ ማለት እንደምትችልስ ተነግሯታልን? መልሱ ከካርዷ ብቻ አይገኝም፤ ፈቃደኛ ስትሆን፣ ካከመቻት ነርስ በተለየ ሰው፣ ራሷ ልትጠየቅ ይገባል።

ማስረጃ በጥንቃቄ መያዙ ግዴታ ነው። ሆኖም ክስ ሳትመሠርት ወደ ቤቷ የተመለሰች፣ ግን ታክማና ተከብራ የሄደች ሴት በመዝገቡ ላይ እንደ ውድቀት ልትቈጠር አይገባም።