ተራው ስልክ ውስጥ ሲገባ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «እርስዎ የጥንት ሾፌር ስለሆኑ፣ ዲጂታል ቴክኖሎጂ በመኪና ላይ ስላመጣው ለውጥ ይናገሩልን» ሲለኝ፣ መሐንዲስ አይደለሁም ብዬ ላመልጥ ሞክሬ ነበር፤ አልሆነም። ስለዚህ የምናገረው መሪ ጨብጬ ያየሁትን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

እንደሚታወቀው ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ከ1974 ጀምሮ የሚሠራ፣ ስፋቱ ከኒውዮርኩ የማንሃተን ደሴት የሚበልጥ ቦታ ነው። ብዙዎቻችን የአሜሪካን ኑሮ የጀመርነው እዚያ የታክሲ ተራ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ለባለታክሲ ሁለት ነገሮች ያስፈልጉት ነበር፤ እነሱም ማፕስኮ የሚባለው ወፍራም የመንገድ ካርታ መጽሐፍና ትዕግሥት ናቸው። ተሳፋሪው የመንገድ ስም ሲነግረን በማውጫው ገጹን ፈልገን እንነሣ ነበር። ውሎ ሲያድር መጽሐፉ ጭንቅላታችን ውስጥ ገባ፤ ዳላስን እንደ ትውልድ ሰፈራችን አወቅናት። እንጀራችንም ይኸው እውቀት ነበር።

ተራው ግን ከእንጀራም በላይ ነበር። ለሰዓታት ስንጠብቅ እንጨዋወታለን። አዲስ የመጣ ልጅ የሚከራየው ቤት የሚጠቆመው፣ ሐዘን ለደረሰበት ገንዘብ የሚዋጣው፣ የዕቁብ ዕጣ የሚወጣው እዚያው ነበር። የዚህ ማኅበር አሳብም መጀመሪያ የተነሣው በአዳራሽ ሳይሆን በሁለት ታክሲዎች መካከል ቆመን ነው።

ለውጡ የመጣው በአንድ ቀን አይደለም። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር አንድ ዓይነት ሶኬት እንዲኖረው ተደረገ። መካኒኩ የሞተሩን ድምፅ በጆሮው ከማዳመጥ ይልቅ መሣሪያውን ሰክቶ የብልሽቱን ቁጥር ማንበብ ጀመረ። በሜይ 2000 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለሕዝብ የሚሰጠውን የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ ሆን ብሎ ማዛባቱን አቆመ። ከዚያ በኋላ በየመኪናው የሚለጠፈው መሣሪያ መንገዱን በትክክል ያሳይ ጀመር። የእኔም ማፕስኮ ወደ ዕቃ መጫኛው ወረደ።

በመጨረሻም ሳተላይቱ፣ ካርታውና ክፍያው በአንድ የእጅ ስልክ ውስጥ ተገናኙ። ኡበር በ2012 ዳላስ ገባ፤ የከተማው ምክር ቤትም በ2014 መጨረሻ አዲስ ደንብ አወጣ። እኛ በዓመታት ያጠራቀምነውን የመንገድ እውቀት፣ ትናንት የመጣ ሰው ስልኩን ከፍቶ አገኘው።

ወገኖቼ፣ ተራው አልጠፋም፤ ስልኩ ውስጥ ገባ እንጂ። ዛሬ ሾፌሩ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወደተከለለው መጠበቂያ ሲደርስ ስልኩ ቦታውን ያውቃል፣ የወረፋ ቁጥርም ይሰጠዋል። ከፊቱ ማን እንዳለ ግን አያውቅም። ሁሉም መስኮቱን ዘግቶ የየራሱን ስክሪን ያያል። ድሮ ሒሳቡን ተሳፋሪውም እኔም በሜትሩ ላይ እናየው ነበር፤ ዛሬ ዋጋውን የሚያሰላው ከእኛ የራቀ ኮምፒዩተር ነው።

የራሴን ገጠመኝ ልንገራችሁ። ስሙን የማልጠራው ድርጅት ዘንድ ስሠራ፣ አንድ ማለዳ ስልኬን ስከፍት ከሥራ ታግጄ አገኘሁት። አንድ ተሳፋሪ አደገኛ አነዳድ ነድቷል ብሎ ከስሶኝ ኖሯል። ብጽፍ የሚመልስልኝ ኮምፒዩተር ነው፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ሽማግሌ አይላክበትም። ሁለት ሳምንት ያለ ሥራ ከተቀመጥኩ በኋላ ያዳነኝ መኪናዬ ላይ የሰቀልኳት ትንሽ ካሜራ የቀረጸችው ፊልምና፣ አቤቱታዬን በጥሩ እንግሊዝኛ የጻፈችልኝ አንዲት የማኅበራችን ልጅ ናቸው። የጎዳኝም ዲጂታል፣ ያዳነኝም ዲጂታል መሆኑን ልብ በሉልኝ። ልዩነቱ መረጃው በማን እጅ ነው የሚለው ነው።

ለዚህ ከአገራችን ምሳሌ አለን። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ሃይብሪድ ዲዛይንስ «ራይድ»ን አዲስ አበባ ላይ ሲያቋቁም፣ ዘመናዊ ስልክ የሌለውም ሰው 8294 ደውሎ መኪና እንዲጠራ አደረገ። ቴክኖሎጂው የሚገለገልበትን ሰው የሚያውቅ እጅ ሲሠራው ከአገሩ ጋር ይስማማል።

አሁን ደግሞ ተራው የመሪው ነው። ቴክሳስ ያለ ሾፌር ለሚሄዱ ተሽከርካሪዎች በሕግ መንገድ የከፈተችው በ2017 ነው። በሜይ 2025 ኦሮራ የተባለው ኩባንያ በዳላስና በሂዩስተን መካከል ሾፌር የሌለበት የጭነት መኪና ማሰማራቱን አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ በመኪናው አምራች ጥያቄ አንድ ሰው ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ የተቀመጠው ግን ለመመልከት እንጂ ለመንዳት አይደለም። ከታክሲ ወደ ትራክ የተሻገራችሁ ወንድሞች ይህን እንደ ተረት አትስሙት።

ታዲያ ምን ይሻላል? ሦስት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሾፌር ካሜራ ይኑረው፣ የሥራ መዝገቡንም በራሱ እጅ ይያዝ፤ ማኅበሩም ለታገዱ አባላት አቤቱታ የሚጽፍ ኮሚቴ ያቋቁም። ሁለተኛ፣ ልጆቻችን አዲሱን የጥገና ሙያ ይማሩ። በዛሬ መኪና የፊት መስታወት ሲቀየር ከኋላው ያለው ካሜራ እንደገና መስተካከል አለበት፤ የሃይብሪድ ባትሪም ባለሙያ ይፈልጋል። መኪናው ሾፌር አልፈልግም ቢል እንኳ ጠጋኝ ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ በወር አንድ ቀን እዚህ አዳራሽ ቡና አፍልተን እንገናኝ። ኮምፒዩተሩ የወረፋ ቁጥር ይሰጠናል እንጂ «ምነው ዛሬ ፊትህ ጠቆረ?» ብሎ አይጠይቀንም። ያንን መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው።

ለ20ኛው ዓመት በጤና ያድርሰን።