የስንብት ክፍያና የሥራ አጥነት አበል



በሠራተኛ አስተዳደር ሥራ የኖርን ሁላችንም የስንብት ደብዳቤ ጽፈናል። በደብዳቤው ላይ የገንዘቡን መጠን አጥርተን እናሰፍራለን፤ የሚከፈልበትን ቀን ግን ለሒሳብ ክፍል እንተዋለን። በአገራችን ይህ ብዙ ጉዳት አላስከተለም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ አንድ ሦስተኛ ይታከላል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አያልፍም። ስንብቱ በሠራተኛ ቅነሳ የመጣ እንደሆነ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል። የሥራ አጥነት መድን ስለሌለን ይህ ገንዘብ የሚጋጨው ሌላ ገንዘብ የለም።

ብዙ ወገኖቻችን በሚሠሩባት በአሜሪካ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያውም እንደየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። በካሊፎርኒያ የስንብት ክፍያ በአብዛኛው ከአበሉ አይቀነስም። የኒው ዮርክ ሕግ ግን ከጥር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ለአንድ ሳምንት የሚታሰበው የስንብት ክፍያ ከከፍተኛው ሳምንታዊ አበል የበለጠ እንደሆነ ለዚያ ሳምንት አበል ይከለክላል። በአንድ ጊዜ የተከፈለ ገንዘብም በሠራተኛው ሳምንታዊ ደመወዝ ተመንዝሮ ይታሰባል። በሳምንት 1,200 ዶላር ያገኝ የነበረ ሰው 14,400 ዶላር ቢሰጠው 12 ሳምንት ያለ አበል ይቆያል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ክፍያ የተፈጸመው ሠራተኛው ሥራ ካቆመበት ዕለት 30 ቀን ካለፈ በኋላ ከሆነ አበሉ አይነካም። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ከአንድ መሥሪያ ቤት ተሰናበቱ እንበል፤ ደመወዛቸውም ስንብታቸውም እኩል ነው። የአንደኛው ቼክ በ25ኛው ቀን፣ የሁለተኛው በ35ኛው ቀን ተጻፈ። የመጀመሪያው በያዘው ገንዘብ የቤት ኪራዩን እየከፈለ ይጠብቃል፤ ሁለተኛው አበሉንም ስንብቱንም ያገኛል። (ቼኩን የጻፈው ባልደረባችን ምናልባት የወሩን ሒሳብ ለመዝጋት ብቻ ተጣድፎ ይሆናል።)

ስንብት ላለፈው አገልግሎት የሚከፈል ዕዳ ነው፤ አበል ግን ለሚመጣው ሳምንት ጉሮሮ ነው። ሕጉ ሁለቱን አንድ ማድረጉ ለእኔ አግባብ አይመስለኝም። እስኪሻሻል ድረስ ግን በዚያ አገር ያላችሁ ባልደረቦች በምታረቁት ደብዳቤ ላይ ክፍያው የሚፈጸምበትን ቀንና የሚሸፍናቸውን ሳምንታት እንድትጽፉ፣ ሠራተኛውም ከመፈረሙ በፊት እንዲያነበው እንድትሰጡት እለምናለሁ።